ጎተራውና ነቀዙ፦ የሁለት ቁጥሮች ታሪክ

በ1980 መጨረሻና በ1981 መጀመሪያ ገደማ፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንድ ወጣት አልጋ ይዞ ተኝቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አፉና ጉሮሮው በነጭ ፈንገስ ተሸፍኗል፤ ክብደቱ ቀንሷል፤ ቆየት ብሎም ሳምባውን ኒሞሲስቲስ የተባለ ምች ያዘው። ይህ ምች የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በካንሰር ሕክምና ወይም በኩላሊት ንቅለ ተከላ ሳቢያ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደቀቀን ሰው ነበር። ወጣቱ ግን እስከዚያ ድረስ ጤነኛ ነበር። ጉዳዩን የያዙት ሐኪም ማይክል ጎትሊብ ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነባቸውና የወጣቱ ነጭ የደም ሴሎች በዓይነት በዓይነታቸው ተለይተው እንዲቆጠሩ አደረጉ።

ይህን ቆጠራ ማድረግ የተቻለው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው። በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስቲን በካምብሪጅ አንድን ነገር ብቻ መርጦ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ። በስታንፎርድ ደግሞ ሊዮናርድ ኸርዘንበርግና ባልደረቦቻቸው ሴሎችን በጨረር ፊት አንድ በአንድ እያሳለፈ የሚለይ መሣሪያ ሠርተው ነበር። በእነዚህ ዘዴዎች የሰውነት መከላከያ ሠራዊት በየክፍሉ ሊቆጠር ቻለ።

የወጣቱ ውጤት ሲመጣ ሐኪሞቹ ደነገጡ። «ረዳት» የሚባሉት ሴሎች ከደሙ ውስጥ ጠፍተዋል ለማለት ይቻላል። እነዚህ ሴሎች የክተት ነጋሪት እንደሚጎስም ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ተዋግተው ጠላት ባይገድሉም፣ ገዳዮቹን የሚያነቁትና ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን የሚያዝዙት እነሱ ናቸው። ነጋሪት ጎሳሚው ከሌለ ሠራዊቱ ቢኖርም አይሰለፍም።

ጎትሊብና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ ሕሙማንን ሰብስበው ሰኔ 5 ቀን 1981 በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አጭር ዘገባ አወጡ። አምስት ወጣት ወንዶች፣ አንድ ዓይነት የሳምባ ምች፤ ሁለቱ ሞተዋል። የኤድስ የተጻፈ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ዘገባ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ያን ጊዜ በሽታው ስም አልነበረውም፤ ቫይረሱም አልታወቀም። የሚታወቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱም የሚነግረው ምን ያህል እንደ ጠፋ እንጂ ማን እንዳጠፋው አልነበረም።

በሩ ሲታወቅ

አጥፊው በ1983 ተገኘ። በፓሪስ ፓስተር ተቋም ፍራንስዋዝ ባሬ-ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኝዬና ባልደረቦቻቸው ከአንድ ሕመምተኛ ንፍፊት እጢ ቫይረሱን ለይተው አወጡ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የሮበርት ጋሎ ቡድን ይኸው ቫይረስ የኤድስ መንስኤ መሆኑን የሚያጠናክር ማስረጃ አቀረበ። በ1984 መጨረሻ ደግሞ አንድ የፈረንሳይና አንድ የእንግሊዝ ቡድን፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ፣ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበትን በር አገኙ። በሩ በረዳት ሴሎች ቆዳ ላይ ያለው ሲዲ ፎር የተባለ ፕሮቲን ነበር። ቫይረሱ መርጦ የሚገባው ነጋሪት ጎሳሚው ቤት ነው ማለት ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን «ሲዲ ፎርህ ስንት ነው?» የሚባለው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ነው።

በዚያው በ1984 በባልቲሞር፣ በቺካጎ፣ በፒትስበርግና በሎስ አንጀለስ አንድ ትልቅ የክትትል ጥናት ተጀመረ። ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወደ 5,000 የሚጠጉ ወንዶች በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። በየስድስት ወሩ እየመጡ ተመረመሩ፣ ደም ሰጡ። ደማቸው ተቀድቶ በማቀዝቀዣ ተቀመጠ። ያን ጊዜ በዚያ ደም ውስጥ ወደፊት ምን እንደሚለካ በውል የሚያውቅ አልነበረም። ብዙ ፈቃደኞች ውጤቱን ሳያዩ ሞቱ። ደማቸው ግን ቆየ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ለዓለም ሁሉ የሚተርፍ መልስ ሰጠ።

ከእንዲህ ያለው ክትትል ሐኪሞች በመጀመሪያ የተማሩት ሲዲ ፎርን ማንበብ ነው። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሲዲ ፎር በአንድ ማይክሮሊትር ደም፣ ማለትም ከአንዲት ጠብታ እጅግ ባነሰ ደም ውስጥ፣ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1,500 ይደርሳል። ሕክምና በሌለበት ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየወረደ፣ በአማካይ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላ ሰውየው ኤድስ ደረጃ ላይ ይደርሳል። በሽታዎቹም ቅደም ተከተል አላቸው። አልማዝ ባለጭራና ሳምባ ነቀርሳ ቁጥሩ ገና ብዙ ሳይወርድም ይመጣሉ። ከ200 በታች ያ የሎስ አንጀለሱ የሳምባ ምች ይከተላል። ከ100 በታች አንጎልን የሚያጠቁ ፈንገስና ጥገኛ ተሕዋስያን በር ያንኳኳሉ። ከ50 በታች ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ ቫይረስ ይነሣል።

ይህ እውቀት ሕይወት አድኗል። በ1989 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሲዲ ፎሩ ከ200 የወረደ ሰው የሳምባ ምች መከላከያ መድኃኒት እንዲጀምር መከሩ፤ ለዚህ የዋለውን ኮትሪሞክሳዞልን እኛም አገር ብዙ ቤት ያውቀዋል። ከ1993 ጀምሮም ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች የሆነ በቫይረሱ የተያዘ ሰው፣ ምንም ሕመም ባይሰማውም፣ በአሜሪካ የኤድስ ሕመምተኛ ተብሎ ይመዘገብ ጀመር።

ቁጥሩ ሲያሳስት

ሆኖም አንድ ጥያቄ መልስ አላገኘም። ሁለት ሰዎች በአንድ ወቅት ተይዘው፣ ሲዲ ፎራቸውም እኩል ሆኖ፣ አንዱ በሦስት ዓመት ሲሞት ሌላው አሥራ አምስት ዓመት የሚኖረው ለምንድን ነው?

በሲዲ ፎር ላይ የነበረውን ጥርጣሬ ያባባሰው ኮንኮርድ የተባለው የእንግሊዝ፣ የአየርላንድና የፈረንሳይ ጥናት ነው። በ1987 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ዚዶቩዲን ሕመም ለማይሰማቸው ሰዎች ቀደም ብሎ ቢሰጥ ይጠቅማል ወይ የሚለውን ለማወቅ 1,749 ሰዎች ለሦስት ዓመት ያህል ተከታተሉ። ውጤቱ በ1993 ሲነገር ልብ የሚሰብር ሆነ። መድኃኒቱን ቀድመው የጀመሩት ሰዎች ሲዲ ፎር ከፍ ብሎ ነበር። በሞትና በሕመም ግን ዘግይተው ከጀመሩት አልተሻሉም። ብቻውን የሚሰጠውን መድኃኒት ቫይረሱ ቶሎ ይለምደው ነበርና፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሕይወት አልረዘመም። ሲዲ ፎር ብቻውን ሊታመን እንደማይችል በግልጽ ታየ።

ሌላም ስሕተት ነበር። ከመጀመሪያው መያዝ እስከ ሕመሙ ያሉትን ረጅም ዓመታት ብዙዎች ቫይረሱ የሚተኛበት ጊዜ አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። በ1989 ዴቪድ ሆና ሮበርት ኩምስ በየፊናቸው በደም ውስጥ ያለውን ሕያው ቫይረስ ለክተው ከታሰበው በላይ መሆኑን አሳዩ። በ1993 በንፍፊት እጢዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ደሙ ጸጥ ባለበት ወቅት እጢዎቹ በቫይረስ ተሞልተው እንደሚገኙ ገለጡ። በዚያው ዓመት ካሪ መሊስ ቀደም ብለው በፈጠሩት ፒሲአር በተባለ የዘረመል ማባዣ ዘዴ ላይ የተመሠረተ አዲስ ልኬት ወጣ፤ በእያንዳንዱ የበሽታ ደረጃ፣ በዝምታው ዘመን ጭምር፣ ቫይረሱ በደም ውስጥ እንዳለ በቁጥር አረጋገጠ። ሁለተኛው ቁጥር፣ ቫይራል ሎድ ወይም የቫይረስ መጠን፣ እንዲህ ተወለደ።

ዝምታው ጦርነት ነበር

ጥር 12 ቀን 1995 «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አወጣ። አንዱ የኒው ዮርኩ የዴቪድ ሆ፣ ሌላው የአላባማው የጆርጅ ሾው ቡድን ሥራ ነበር። ሁለቱም ያደረጉት ተመሳሳይ ነው፦ ለሕሙማን አዲስ ኃይለኛ መድኃኒት ሰጥተው የቫይረሱን መጠን ደጋግመው ለኩ። ቫይረሱ በቀናት ውስጥ ቁልቁል ወረደ፤ በሁለት ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ሲዲ ፎር ደግሞ ወዲያውኑ ማንሰራራት ጀመረ።

ከዚህ ቀላል ልኬት የወጣው ትርጉም ከባድ ነው። ምርቱ ሲቆም ቫይረሱ በሁለት ቀን የሚገመስ ከሆነ፣ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት መጠኑ ሳይለወጥ የቆየው በየቀኑ የሚጠፋው ያህል በየቀኑ ስለሚመረት ነው። በ1996 የሂሳብ ሊቁ አለን ፔረልሰን ከሆ ጋር ሆነው ሲያሰሉት፣ በአንድ ሰው አካል ውስጥ በቀን አሥር ቢሊዮን ገደማ አዳዲስ ቫይረሶች እንደሚፈጠሩ አገኙ። ሰውነትም በበኩሉ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሲዲ ፎር ሴሎችን እየሠራ ይተካ ነበር። ያ «የመተኛት» ዘመን በእርግጥ ያለ ዕረፍት የሚካሄድ ጦርነት ነበር፤ ሰውየው ጤነኛ የሚመስለው ሁለቱ ወገኖች ለጊዜው ስለተመጣጠኑ ብቻ ነው።

አሁን የፒትስበርጉ ማቀዝቀዣ ተከፈተ። ጆን ሜለርስና ባልደረቦቻቸው በዚያ ከአሥር ዓመት በፊት በተቀዳ ደም ላይ አዲሱን ልኬት አዋሉት። የደሙ ባለቤቶች ምን እንደ ደረሰባቸው በመዝገብ ታውቋል፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳለ። በ1996 የመጀመሪያው፣ በ1997 ደግሞ 1,604 ሰዎችን ያካተተው ሰፊ ጥናት ወጣ። መጀመሪያ ሲለካ በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ የቫይረሱ ቁጥር 500 ወይም ከዚያ በታች ከነበሩት ሰዎች መካከል በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ ኤድስ የደረሱት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ30,000 በላይ ከነበሩት ውስጥ ግን 80 በመቶዎቹ ደረሱ። የሁለቱ ሰዎች እንቆቅልሽ ተፈታ፦ ልዩነቱ በቫይረሱ ብዛት ላይ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ትክክለኛውን ትንበያ የሰጠው ግን ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ነው።

የቫይረስ ተመራማሪው ጆን ኮፈን ነገሩን በባቡር መሰሉት። ባቡሩ ወደ አደጋ ይጓዛል፤ ሲዲ ፎር እስከ አደጋው የቀረው ርቀት፣ ቫይራል ሎድ የባቡሩ ፍጥነት ነው። ገበሬ ዘመድ ላለው አንባቢ በጎተራ ቢነገር ይቀርባል። ሲዲ ፎር በጎተራው ውስጥ የቀረው እህል ነው፤ ቫይራል ሎድ ነቀዙ ነው። እህሉን ብቻ የሚያይ ሰው ዛሬ ያለውን ያውቃል። ነቀዙን የሚቆጥር ሰው እስከ መኸር መድረሱን ወይም አለመድረሱን ያውቃል።

ነቀዙ በሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ ሚሊዮኖች ይመነደጋል፤ ከዚያ ሰውነት ገዳይ ሴሎቹን አሰልፎ ያወርደውና በአንድ ደረጃ ላይ ረጋ ብሎ ይቆያል። ያ ደረጃ በአንዱ ዝቅተኛ፣ በሌላው ከፍተኛ ነው። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ ጥቂት ሰዎች፣ በከፊል ከወላጆቻቸው በወረሱት የመከላከያ ባሕርይ ምክንያት፣ ያለ መድኃኒት ቫይረሱን በመሣሪያ ከማይታይ ደረጃ በታች ይዘው ይኖራሉ።

ሐምሌ 1996 በካናዳዋ ቫንኩቨር በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ይህ ሁሉ እውቀት ከሦስት መድኃኒቶች ቅንጅት ጋር ተገናኘ። ከእንግዲህ መድኃኒት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ሰው እስኪሞት መጠበቅ አላስፈለገም፤ ቫይራል ሎድ በሳምንታት ውስጥ ይናገራል። በአሜሪካ በኤድስ የሚሞተው ሰው ብዛት በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በ1997 ግን ሌላ እውነት ተገኘ፤ በመድኃኒቱ ከደም የጠፋው ቫይረስ በሚያንቀላፉ ሲዲ ፎር ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይመለሳል።

አቃቂና ወንጂ

በኢትዮጵያ ቫይረሱ በ1984 በተወሰደ ደም ውስጥ መኖሩ ታውቋል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። በ1994 የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በአቃቂ የፋይበር ፋብሪካና በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይም የዓመታት ክትትል ጀመረ።

ከዚያ ሥራ የተገኘው አንድ ውጤት እስከ ዛሬ በሳይንስ ጽሑፎች ይጠቀሳል። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ ፎር ከጤነኛ ሆላንዳውያን በጉልህ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በእስራኤል የነበሩ ተመራማሪዎችም ከኢትዮጵያ በገቡ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው፣ ለዓመታት ከኖረ የአንጀት ትላትል ጋር አያያዙት። ታዲያ በግማሽ ጎተራ የሚጀምር ሰው ቶሎ ይታመማል ማለት ነው? የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ክትትል በ2005 መልሱን ሰጠ፤ ከመያዙ በፊት ሲዲ ፎሩ ዝቅ ያለ መሆኑ በሽታውን አላፋጠነውም። ቁጥሩ የት እንደ ጀመረ ብቻውን እጣ ፈንታን አይወስንም።

በተግባር ግን ያን ጊዜ በአገራችን ሚዛኑ ሲዲ ፎር ብቻ ነበር። ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነፃ መሰጠት ሲጀምር መስፈርቱ ከ200 መውረድ ወይም በጠና መታመም ነበር። 250 የሆነ ሰው «ገና ነህ» ተብሎ ይመለሳል። መድኃኒቱ ውድና ውስን በነበረበት ዓለም ይህ የማንም ክፋት አልነበረም፤ በጠና የታመመውን ለማስቀደም የወጣ የዓለም መመሪያ ነበር። ነገር ግን ጎተራው ሊያልቅ ሲል ነቀዙን ለመግደል መጠበቅ ነበር።

መጠበቅ ያስከፈለው ዋጋ

የዋጋው መጠን በ2006 ታወቀ። ስማርት የተባለ ጥናት በ33 አገሮች 5,472 ሰዎችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ሲዲ ፎራቸው ከ350 በላይ ሲሆን አቁመው ከ250 ሲወርድ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ሐሳቡ ከመድኃኒቱ ጉዳት ዕረፍት መስጠት ነበር። ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ግድ ሆነ፤ ያቋረጡት ሰዎች በተጓዳኝ በሽታ የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት በሽታም በዛባቸው። ሲዲ ፎር ጥሩ በሚመስልበት ጊዜም በነፃነት የሚባዛው ቫይረስ ሰውነትን ሲያቃጥል ይኖራል።

ቫይራል ሎድ የሌላውንም ሰው ዕጣ እንደሚናገር ደግሞ ኡጋንዳ አሳይታለች። በራካይ ወረዳ አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ ያለባቸው 415 ጥንዶች ተከታትለው በ2000 በወጣው ጥናት፣ የቫይረሱ መጠን ከ1,500 በታች ከነበረው ሰው ወደ ትዳር ጓደኛ የተላለፈ አልተገኘም። በ2011 በ9 አገሮች በ1,763 ጥንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ቀድሞ የተጀመረ ሕክምና መተላለፍን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

የመጨረሻው ጥያቄ በ2015 ተዘጋ። ስታርት የተባለው ጥናት ሲዲ ፎራቸው ከ500 በላይ የሆኑ 4,685 ሰዎችን በ35 አገሮች ተከታትሎ፣ ወዲያው መጀመር ከባድ ሕመምንና ሞትን በ57 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ200 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ ሲል ቆይቶ፣ በዚያው በ2015 ቁጥሩ ራሱ ተነሣ፦ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው ይጀምር ተባለ። ኢትዮጵያም ይህንኑ ተቀበለች። ከ2013 ጀምሮ መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል ተመራጩ ምርመራ ቫይራል ሎድ ሆኗል። በ2019 ይፋ የሆነው የአውሮፓ የጥንዶች ጥናት፣ ቫይረሱ በሕክምና ከማይታይ ደረጃ የደረሰባቸው ሰዎች ኮንዶም ሳይጠቀሙ ከ76,000 ጊዜ በላይ ግንኙነት ሲያደርጉ ለጓደኞቻቸው አንድም ጊዜ እንዳላስተላለፉ አሳየ።

ሲዲ ፎር ግን አልተሻረም። ዘግይቶ ለመጣ ሰው ዛሬም ቀዳሚው ምርመራ ነው፤ ከ200 በታች ከሆነ ሳምባ ነቀርሳና የአንጎል ፈንገስ ሳይገድሉት ሊፈለጉ ይገባል። ሁለቱ ቁጥሮች ሥራቸውን ተከፋፍለዋል፤ አንዱ የደረሰውን ጉዳት፣ አንዱ የመድኃኒቱን ድል ይናገራሉ።

መድኃኒት ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እኅቴ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሲዲ ፎሬ ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «ቫይራል ሎዴ መቼ ተለካ? ስንት ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደህና ነኝ ብላችሁም መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ የስማርት ጥናት ሰዎችም መድኃኒታቸውን ሲያቆሙ ደህና ነበሩ። ያልተመረመረም ካለ ጎተራው ሳይጎድል ይመርመር። ቫይረሱ በጊዜ ከተያዘና መድኃኒቱ በየቀኑ ከተወሰደ፣ ሰው ዕድሜውን ይኖራል፤ ቫይረሱ ከማይታይ ደረጃ ሲደርስም ለሚወደው ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም።